ስቴም ሴል፣ መድኃኒት ወይስ የቫልቭ ሕክምና? ለደከመ ልብ የምርጫ መመሪያ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ታካሚዎች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰው «ልብዎ ደክሟል» ከተባለ፣ ብዙ ሳይቆይ በቴሌግራም የሚላክለት ቪዲዮ አይጠፋም። ውጭ አገር ሄዶ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ይችላል የሚባል ሴል) የተወጋ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ሲራመድ ያሳያል። ከዚያ ቤት ይሸጥ፣ ዘመድ ያዋጣ የሚል ምክክር ይጀመራል። ይህ መመሪያ እዚያ ምክክር ላይ ለተቀመጡት ነው። አቋማችንን ከመነሻው እንናገር፦ ዛሬ በክፍያ የሚቀርብ የልብ ስቴም ሴል መርፌ ቤት የሚሸጥለት ነገር አይደለም። ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ በደንብ ለተሠራ የልብ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎ ሳይቋረጥ ለሚወሰድ መድኃኒት፣ ችግሩ ቫልቭ ከሆነ ደግሞ ለቫልቩ ይዋል።

መጀመሪያ፦ የተጎዳው የቱ ክፍል ነው?

የልብ ድካም የብዙ በሽታዎች መድረሻ ነው። በአገራችን፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የቶንሲል ሕመም ተነሥቶ ቫልቮችን ያበላሻል። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊትም አለ። የልብ ጡንቻው ራሱ ሳስቶ የሚለጠጥበት በሽታ አለ፤ ከወሊድ ጋር ተያይዞ እናቶችን የሚይዘው የዚህ ወገን ነው። የልብ ደም ስር ድንገት ተዘግቶ ጡንቻው የሚሞትበት፣ ሃርት አታክ የምንለውም አለ።

የስቴም ሴል ምርምር በአብዛኛው የተካሄደው በሃርት አታክ፣ ከዚያም በተለጠጠ ጡንቻ ላይ ነው። የጠበበ ቫልቭን የሚከፍት ሴል የለም። ስለዚህ የታካሚው ችግር የሩማቲክ ቫልቭ ከሆነ የስቴም ሴሉ ክርክር ገና ሳይጀመር አልቋል፤ በቀጥታ ወደ ቫልቩ ክፍል ይለፉ።

ይህን የሚለየው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ነው። ውጤቱን ሲቀበሉ «ልብ ሰፍቷል» በሚል አንድ ቃል ረክተው አይውጡ። ኢኤፍ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ይህ የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን በመቶኛ እንደሚረጭ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 50 እና ከዚያ በላይ የተጠበቀ፣ ከ41 እስከ 49 በመጠኑ የቀነሰ፣ 40 እና ከዚያ በታች የቀነሰ ይባላል። ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይስ ያፈሳሉ? የሚትራል ቫልቭ (በግራው ላይኛና ታችኛ የልብ ክፍል መካከል ያለው) ጠቧል ከተባለ ስፋቱ በካሬ ሴንቲሜትር ይጻፍልዎ፤ ጤነኛው ከ4 እስከ 6 ነው፣ 1.5 እና ከዚያ በታች ከባድ ጥበት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያንኑ ሰው ሁለት ባለሙያዎች ቢለኩት የኢኤፍ ቁጥር በ5 ነጥብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። ከ30 ወደ 34 ወጣ ማለት መዳን ላይሆን ይችላል። ክትትሉን በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ ያድርጉ፣ የቀድሞውንም ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

አዋቂ ልብ ራሱን ምን ያህል ይተካል?

ይተካል፣ ግን በጣም በዝግታ። በስዊድን የተሠራና በ2009 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) የታተመ ጥናት ይህን በብልሃት ለካ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በአየር ላይ በተደረጉ የኑክሌር ሙከራዎች የተነሣ ካርቦን 14 በከባቢ አየር ጨምሮ፣ ከ1963 ስምምነት በኋላ ቀስ በቀስ ቀንሷል። ሴል ሲወለድ የዚያን ዓመት ካርቦን በዘር ቅንጣቱ ውስጥ ይይዛል፤ ስለዚህ የልብ ጡንቻ ሴሎች የተወለዱበትን ዘመን መገመት ተቻለ። ውጤቱ፦ በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ይታደሳል፣ በ75 ዓመት ወደ 0.45 በመቶ ይወርዳል። በሙሉ ዕድሜ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ሴሎች ብቻ ይተካሉ።

ይህን ከጉዳቱ ጋር ያነጻጽሩት። የግራው የልብ ክፍል ከ2 እስከ 4 ቢሊዮን የጡንቻ ሴሎች አሉት፤ ከባድ ሃርት አታክ በሰዓታት ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን ሊገድል ይችላል። ቦታውን በሳምንታት ውስጥ ጠባሳ ይይዘዋል። ጠባሳው ልቡ እንዳይቀደድ ያግዛል፣ ግን አይኮማተርም።

እንስሳት ላይ ሌላ ነገር ታይቷል። ዚብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ከልቧ 20 በመቶው ተቆርጦ በ2 ወር ገደማ መልሳ ታበቅላለች። የአንድ ቀን አይጥም ትችላለች፤ ያቺው አይጥ በ7ኛ ቀኗ ችሎታው ጠፍቶባታል። ችሎታው በአጥቢ እንስሳም ውስጥ አለ፣ ከልደት በኋላ ይዘጋል ማለት ነው። ተመራማሪዎች የሚደክሙት ያንን መዝጊያ ለመክፈት ነው። ችግሩ የሚከፋፈል ሴልን ማቆም ካልተቻለ ዕጢ ሊሆን መቻሉ ነው።

«ስቴም ሴል» ሲባል የቱ?

አሻሻጮቹ አንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ ነገሩ ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፣ ማስረጃቸውም እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው ከታካሚው የራሱ መቅኒ ተቀድቶ ወደ ልብ የሚገባው ነው። በ2001 የመቅኒ ሴሎች በአይጥ ልብ ውስጥ ጡንቻ ሆኑ የሚል ዘገባ ወጥቶ ዓለምን አነቃነቀ። በ2004 ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሊደግሙት አልቻሉም። አዋቂ ልብ የራሱ ስቴም ሴል አለው የሚለውን ሐሳብ የመራው ፒየሮ አንቨርሳ ነበር፤ በ2018 ሐርቫርድና የብሪገም ሆስፒታል ከእሱ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ። እስከዚያ ድረስ ግን በዚህ ተስፋ ብዙ ታካሚዎች ተወግተዋል። ቀደምት ጥናቶች ኢኤፍ በ3 ወይም 4 ነጥብ ጨመረ ይላሉ፤ ከላይ የተናገርነውን የመለኪያ ልዩነት እዚህ ያስታውሱ። በ2014 ደግሞ 49 ሙከራዎች ሲመረመሩ ከ600 በላይ እርስ በርስ የሚጋጩ ቁጥሮች ተገኙ፤ ስህተት የበዛባቸው ሙከራዎች ትልቅ ጥቅም፣ ስህተት የሌለባቸው ደግሞ ዜሮ አሳዩ። ከዚህ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ የለም። ባሚ የተባለው የአውሮፓ ሙከራ በ2020 ውጤቱን ሲያወጣ በ2 ዓመት ውስጥ ከተወጉት 3.26 በመቶ፣ ካልተወጉት 3.82 በመቶ ሞተው ነበር። 3,000 ሰው ታስቦ 375 ብቻ ስለተመዘገበ ሙከራው ራሱ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት አቅም አጣ።

ሁለተኛው ሜዘንካይማል የሚባለው፣ ከስብ፣ ከእምብርት ገመድ ወይም ከሌላ ሰው መቅኒ የሚወሰደው ነው። ክሊኒኮች በብዛት የሚሸጡት ይህን ነው። ከ530 በላይ ሰዎች የታከሙበት ድሪም የተባለው ትልቅ ሙከራ በ2023 ሲታተም ዋናውን ግቡን፣ ማለትም ተደጋጋሚ የልብ ድካም መባባስን መቀነስ፣ አልመታም። በሃርት አታክና በስትሮክ ላይ መቀነስ ታይቷል፤ ይህ ለቀጣይ ጥናት መነሻ እንጂ ለሽያጭ ማስረጃ አይሆንም።

ለምን አይሠሩም? ሴሎቹ አይቆዩም። በሚመታና ደም በሚያጥለቀልቀው ልብ ውስጥ የገቡት ሴሎች በጎርፍ ላይ እንደተበተነ ዘር ናቸው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚገኙት ከ10 በመቶ በታች ነው። በክንድ ደም ስር በግሉኮስ የሚሰጡት ደግሞ አብዛኞቹ ሳንባ ላይ ይጠመዳሉ። በ2020 በአይጥ ላይ የተሠራ ሥራ ነገሩን ይበልጥ አጋለጠው፦ የሞቱ ሴሎችም ሲወጉ ተመሳሳይ ጥቅም ታየ፤ የታየው ለውጥ መርፌው ከቀሰቀሰው የሰውነት መከላከያ ምላሽ የመጣ ነበር።

ሦስተኛው እውነተኛው ተስፋ ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን ተራ ሴል ወደ ፅንስ መሰል ሁኔታ መልሶ በ2012 ኖቤል ተሸለመ። ከእነዚህ ሴሎች በቤተ ሙከራ የሚመታ የልብ ጡንቻ መሥራት ይቻላል። በጀርመን ጎቲንገን የተሠራ የጡንቻ ልጣፍ በጦጣዎች ላይ ከተሞከረ በኋላ ንቅለ ተከላ በምትጠብቅ ታካሚ ልብ ላይ ተሰፍቶ፣ ከ3 ወር በኋላ ልቧ ሲለወጥ ልጣፉ በሕይወት ተገኘ፤ በጥር 2025 ታተመ። ጃፓንም በተመሳሳይ መንገድ ላይ ነች። ዋጋው ግን አለ፦ ከሌላ ሰው የመጣ ሴል ስለሆነ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ይፈልጋል፣ አዲሱ ጡንቻ ከነባሩ ጋር ምቱን ካላስማማ ደግሞ አደገኛ የምት መዛባት ይመጣል። ይህ የሚሰጠው በአብዛኛው በሙከራ ውስጥ፣ ደረት ከፍቶ፣ በትልቅ ማዕከል ነው። አንድ ክሊኒክ በአንድ ከሰዓት ውስጥ በመርፌ የሚጨርስልዎ ከሆነ ይህ አይደለም።

በዱቄትና በእንክብል መልክ «ስቴም ሴል» ተብሎ የሚሸጠውን በተመለከተ አንድ መስመር ይበቃል፦ የአፕልም ሆነ የሌላ ተክል ሴል ሆድ ውስጥ እንደ ምግብ ይፈጫል፣ ልብ ጋ አይደርስም።

መድኃኒት፦ አሰልቺው ግን የሚሠራው

ኢኤፍ 40 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት ዕድሜ ያራዝማል። ስቴም ሴል አሳይቶ የማያውቀውን ያህል አሳይተዋል። ቢሶፕሮሎል በ1999 በታተመው ሙከራ ሞትን በ34 በመቶ፣ ስፒሮኖላክቶን በዚያው ዓመት በከባድ ሕሙማን ላይ በ30 በመቶ ቀንሰዋል። ዳፓግሊፍሎዚን በ2019 በልብ ምክንያት መሞትን ወይም መባባስን በ26 በመቶ ቀንሷል። ኢናላፕሪል ከ1987 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጠን ላይ ነው። ታካሚው በመነሻ መጠን ተጀምሮለት ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል፣ ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራም፣ ስቴም ሴል ይሻላል» ይባላል። የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው፤ ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንጂ ራስዎ እንዲጀምሩት አይደለም። ኢናላፕሪል በቀን ሁለት ጊዜ ከ2.5 ሚሊግራም ተነሥቶ ወደ 10 ወይም 20 ይደርሳል። ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ከ3.125 ሚሊግራም ተነሥቶ በየ2 ሳምንቱ እጥፍ እየተደረገ ወደ 25። ቢሶፕሮሎል ከሆነ ከ1.25 ወደ 10 በቀን አንድ ጊዜ። ስፒሮኖላክቶን ከ12.5 ወይም 25 ወደ 25 ወይም 50። ዳፓግሊፍሎዚን ከመጀመሪያው 10 ነው፣ አይጨመርም። በ2022 የታተመ ሙከራ ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች በ2 ሳምንት ገደማ ውስጥ በቅርብ ክትትል ሙሉ መጠን ሲደርሱ፣ በ6 ወር ውስጥ መሞት ወይም እንደገና መተኛት ከ23.3 ወደ 15.2 በመቶ ወረደ። መድኃኒቶቹ ያው ናቸው፤ የተለየው ፍጥነቱና ክትትሉ ነው።

ምን ይበላሻል? ስፒሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ፖታሲየምን ይጨምራሉ። ከተጀመረ በ1ኛውና በ4ኛው ሳምንት የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይደረግ፤ ፖታሲየሙ ከ5.5 በላይ ሲሆን የመድኃኒቱ መጠን ይቀነሳል፣ ከ6 በላይ ሲሆን ይቆማል። ፋርማሲው የታዘዘውን ሲያጣ አቴኖሎል ቢተካልዎ እሺ አይበሉ፤ ለደከመ ልብ የተመሰከረላቸው ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ናቸው። ሜቶፕሮሎል ታርትሬት ሌላ ነው፣ ሣጥኑን ያንብቡ። ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ኢኤፍ በቀነሰበት ሰው ላይ ይጎዳሉ። ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውሃ ያጠራቅማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ «ልቤ በድንገት ባሰብኝ» ከሚሉ ሰዎች ኪስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን እንደማይሆኑ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው።

ሌላው ስህተት ሲሻል ማቆም ነው። በ2018 በታተመ ሙከራ ልባቸው ያገገመ 51 ሰዎች ውስጥ መድኃኒት ካቆሙት 40 በመቶ ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ተመልሶባቸዋል። ከወሊድ ጋር ተያይዞ የታመሙ እናቶች ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ያገግማሉ፣ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ቤት የመሸጥ ውሳኔ በተለይ ችኮላ ነው።

የአካባቢው ነገር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይጨምራል፣ ደሴ ራሷም ዳገት ናት፤ የደከመ ልብ ያለው ሰው ለቀጠሮ ሲመጣ ትንፋሽ ቢያጥረው አዲስ መባባስ ነው ወይስ ዳገቱ የሚለውን ለመለየት የሚረዳው የቤት ሚዛን ነው። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑ፤ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውሃ ነው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ከሆነ መቀነስ የሚጀመረው ከእዚያ ነው፣ ከወጡና ከሽሮው በፊት። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ቤታ ብሎከር (ቢሶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ያሉበት ወገን) ከሚሠራው ጋር ይጻረራል።

ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ከሳምንታት በፊት ሐኪም ያማክሩ። ፉሮሰማይድ፣ ብዙዎች ላሲክስ የሚሉት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ሲወሰድ ኩላሊትን ያደርቃል። ዳፓግሊፍሎዚን በረጅም ረሃብ ጊዜ፣ በተለይ ስኳር ባለበት ሰው፣ ደም ውስጥ አደገኛ አሲድ ሊያስነሣ ይችላል፤ ትውከትና ተቅማጥ ሲኖርም ለጊዜው ይቆማል። መጠንና ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፣ በራስ ፈቃድ ለወር ማቋረጥ ግን ሆስፒታል የሚያስተኛው ነው።

ቫልቭ ከሆነ

ገንዘብ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣበት ቦታ ይህ ነው። የጠበበ ሚትራል ቫልቭ ብዙ ካላፈሰሰ፣ ካልደነደነና በግራው ላይኛ ክፍል የረጋ ደም ከሌለ፣ በብሽሽት ደም ስር በሚገባ ፊኛ ደረት ሳይከፈት ሊሰፋ ይችላል። ካልሆነ ቀዶ ሕክምና ነው። የብረት ቫልቭ ይቆያል፣ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይጠይቃል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ በራሱ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፣ በወጣት ሰው ላይ ግን ቶሎ ያረጅና ዳግም ቀዶ ሕክምና ያመጣል። ልትወልድ የምታስብ ሴት ይህን ከቀዶው በፊት መነጋገር አለባት። አዲስ አበባ ውስጥ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ለዚህ ከሚላኩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሪፈሩን ከደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲወስዱ የኢኮው ዝርዝር አብሮ ይሁን።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአር የሚባለው፣ ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳይ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጎመን መተው አያስፈልግም፣ አንድ ሳምንት በብዛት ሌላ ሳምንት ጨርሶ አለመብላት ነው ቁጥሩን የሚያናጋው። የሩማቲክ ቫልቭ ላይ የምት መዛባት ሲጨመር አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ይሻላሉ የሚል ምክር ቢሰሙ፣ በ2022 የታተመ ትልቅ ሙከራ ዋርፋሪን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

በቤቱ የሩማቲክ በሽታው የተገኘባቸው ልጆች ካሉ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ለአዋቂና ለትልቅ ልጅ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ በሽታው እንዳይብስ ይከላከላል። በዩጋንዳ በሽታው በኢኮ ተገኝቶ ገና ምልክት ያልታየባቸው 818 ልጆች ላይ በተደረገ ሙከራ በ2 ዓመት ውስጥ የባሰባቸው ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ናቸው። ቤት የሚያሸጠው መርፌ ይህን የሚስተካከል ቁጥር የለውም።

የቀሩት

የተዘጋ የልብ ደም ስር በስቴንት (በውስጡ በሚገባ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ይከፈታል፣ ወይም በባይፓስ ቀዶ ሕክምና ለደሙ ሌላ መንገድ ይሠራለታል፤ ጊዜው ወሳኝ ስለሆነ ደረት የሚጨቁን ሕመም ከ20 ደቂቃ በላይ ሲቆይ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ልብን የሚያግዝ ፓምፕ በውጭ አገር አለ፣ ሌት ተቀን ኤሌክትሪክና ባትሪ ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ንቅለ ተከላም ዕድሜ ልክ መድኃኒትና ክትትል አለው።

ክሊኒኩን መመርመር

ሁሉም ተነግሮም ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ይኖራል። እነዚህን ይጠይቁ፣ መልሱ በጽሑፍ ይምጣ። ሴሉ ከየት የመጣ ነው፣ የትኛው ዓይነት ነው? የሚሰጠው በደም ስር ነው፣ በልብ ደም ስር ነው ወይስ በጡንቻው ውስጥ? ያው ሴል ለጉልበት፣ ለስኳርና ለልብ ሁሉ ይሸጣል? ይህ ከሆነ ንግግሩን ያቁሙ። ክሊኒካል ትራያልስ በሚባለው መዝገብ ላይ ቁጥር አለን ቢሉ፣ መመዝገብ ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ ታካሚው የሚከፍልባቸው «ጥናቶች»ም እዚያ ይገኛሉ። በደንብ የተሠራ ሙከራ ስለ ሴሉ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የማነጻጸሪያ ቡድን አለው፣ ለጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይጽፋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለልብ የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም። «በጃፓን የተፈቀደ» የሚለውንም በጥንቃቄ ያንብቡት፦ በ2015 በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደ የልብ ልጣፍ በ2024 ጥቅሙን ማረጋገጥ ሳይችል ከገበያ ወጥቷል። በ2018 በአሜሪካ ከእምብርት ደም የተሠራ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል።

ከሄዱም መድኃኒቱ አንድ ቀን አይቋረጥ፤ ለጉዞው ሙሉ ጊዜና ለተጨማሪ 2 ሳምንት ይያዝ፣ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ከመሄድዎ በፊት ደሴ ላይ ኢኮ ያሠሩ፣ ከተመለሱ ከ3 ወር በኋላ በዚያው መሣሪያ ይድገሙት። የተወጋው ምን እንደሆነ የሚገልጽ፣ የምርቱን ስምና የማምረቻ ቁጥር የያዘ ወረቀት ይቀበሉ። ትኩሳት ወይም የልብ ምት መዝለል ከመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ያንን ወረቀት ነው።